ከአሥር ሰዓት ረሀብ ጋር ስድስት ሳምንት

ሥጋ መብላት ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በውሳኔዬ ተጸጽቼ አላውቅም። የሚያስቸግረኝ የሥራ ቀን ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከቤት እወጣለሁ፣ ማታ አንድ ሰዓት እመለሳለሁ። በመሀል ያለው ስብሰባ፣ ስልክና ኮምፒውተር ነው። ምሳ ያገኘሁትን እበላለሁ። ማታ ደግሞ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ዳቦ እቆርሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ጭንቅላቴ እየከበደኝ፣ ዓይኔ እየደከመ ሲመጣ ነገሩን ሥራዬ ብዬ ልያዘው አልኩ። ስድስት ሳምንት ሰጠሁት። ይህ ማታ ማታ ወጥ ቤት ቆሜ የጻፍኩት ነው።

አንደኛ ሳምንት

ሰኞ። በዚህ ሳምንት ምንም አላበስልም። የምጽፈው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደበላሁና ስንት ሰዓት ላይ እንደራበኝ። ምግብ ከማቀዴ በፊት ረሀቤን ማወቅ አለብኝ።

ማክሰኞ። ቁርስ ሁለት ቁራሽ ዳቦና ሻይ በወተት። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሙዝ። ምሳ ሰባት ሰዓት ላይ ፓስታ በቲማቲም ስጎ። አሥር ሰዓት ላይ ሆዴን ሞረሞረኝ። ጎረቤቴ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን ብስኩት ግማሹን ጨረስኩት። ማታ ሩዝ በአትክልት።

ሐሙስ። አሥር ሰዓት። እንደገና ብስኩት።

አርብ። የአምስቱን ቀን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋሁት። ከአምስቱ ቀን በአራቱ የተራብኩት አሥር ሰዓት ገደማ ነው። እስከዛሬ ችግሬ ምሳ የሌለኝ መሆኑ ይመስለኝ ነበር። ምሳ ግን በልቻለሁ። ምሳው ነው ያልያዘኝ። ፓስታ በስጎ፣ ሰላጣ በዳቦ፣ የተጠበሰ ድንች። አንዱም ላይ ምስር የለም፣ ሽምብራ የለም፣ እንቁላል የለም። ሥጋውን ከሳህኔ አነሳሁ እንጂ ቦታውን በምንም አልሞላሁትም። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ልብ አላልኩም።

የማክሰኞን ፕሮቲን በግምት ደመርኩት። 30 ግራም ቢሆን ነው። ለጤናማ አዋቂ ሰው በቀን የሚመከረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.8 ግራም ነው። እኔ 60 ኪሎ ነኝ። ስለዚህ 48 ግራም ያስፈልገኛል። የጎደለኝ ያን ያህል ሩቅ አይደለም። 200 ግራም የተቀቀለ ምስር ብቻውን 18 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አንድ ሳህን ምስር ማለት ነው። ይህን ሳይ ልቤ ረጋ።

እሁድ፣ የመጀመሪያው ማብሰል

ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሬ እስከ ስድስት ሰዓት ሠራሁ። ምስር በካሮት፣ ሩዝ፣ በዘይት የተቁላላ ጥቅል ጎመን። በአምስት ምሳ ዕቃ እኩል እኩል አደረግኩት። አምስቱ ፍሪጅ ውስጥ ተደርድረው ሳይ በጣም ደስ አለኝ። ሳምንቱ ያለቀ መሰለኝ።

ሰኞ ጣፈጠኝ። ማክሰኞም ደህና ነበር። ረቡዕ ክዳኑን ስከፍተው ምግቡ እጅ እጅ አለኝ። ሐሙስ ግማሹን ተውኩት። የአርቡን ጭራሽ ደፋሁት። ምግብ መድፋት በጣም ይከብደኛል፤ ያን ቀን ከፍቶኝ ነው የዋልኩት።

ሁለት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ አንድን ምግብ አምስት ቀን መብላት ለእኔ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የእሁድ ምግብ ለአርብ አይደርስም። የበሰለ ምግብ ፍሪጅ ውስጥ የሚቆየው ከሦስት እስከ አራት ቀን ነው። ያም ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ነው። ከዚያ በላይ ለሚቆየው ፍሪዘር አለ።

ሩዙ ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት ሠርቻለሁ። ቀትር ላይ አብስዬ እስከ ማታ ምድጃው ላይ ተውኩት። ሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ አለ። ዘሩ መፍላት አይገድለውም። ሩዙ ሞቅ እንዳለ ሲቀመጥ ይነቃል፣ ይራባል፣ መርዝ ያወጣል። መርዙ ደግሞ በድጋሚ ሲሞቅ አይጠፋም። «ነገ በደንብ አሞቀዋለሁ» ማለት አያድንም። አሁን ሩዙ እንደበሰለ ሰፊ ትሪ ላይ ስስ አድርጌ እዘረጋዋለሁ። ሃያ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ይበርዳል። ወዲያው ክዳን ባለው ዕቃ አድርጌ ፍሪጅ አስገባዋለሁ። ማንኛውም የበሰለ ምግብ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ቀኑ በጣም ሞቃት ከሆነ ከአንድ ሰዓት በላይ።

ሁለተኛ ሳምንት፦ ሽምብራው

ሐሳቤን ቀየርኩ። ምግብ ሠርቼ አላስቀምጥም። የምግብ ክፍል ሠርቼ አስቀምጣለሁ። አንድ ጥራጥሬ፣ አንድ እህል፣ ሁለት አትክልት፣ አንድ ሶስ። ጠዋት ላይ ከየዕቃው እየጨለፍኩ ምሳ ዕቃዬን እሞላለሁ። ሰኞ ሽምብራ በሩዝ የነበረው፣ ማክሰኞ ሽምብራ በሰላጣ ይሆናል። ማብሰያ ቀኔንም ሁለት አደረግኩት፤ እሁድ ጠዋትና ረቡዕ ማታ። የረቡዑ አርባ ደቂቃ ብቻ ነው።

ሽምብራው ግን ጉድ ሠራኝ። ቅዳሜ ማታ ነከርኩት። እሁድ ጠዋት ድስት ላይ ጣድኩት። ጣዕም እንዲይዝ ብዬ ገና ከመጀመሪያው ቲማቲምና ሎሚ ጨመርኩበት። አንድ ሰዓት ፈላ። ጠጣር ነው። ሁለት ሰዓት ፈላ። ውሃ ጨመርኩ። አሁንም በጥርሴ ስነክሰው መሀሉ እንደ ጠመኔ ይፈረከሳል። በመጨረሻ እንዳለ ፈጭቼ ሾርባ አደረግኩት።

ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት። የጥራጥሬን ሕዋሳት አያይዞ የያዘው ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ጥራጥሬ የሚለሰልሰው ፔክቲኑ ሲሟሟ ነው። አሲድ ይህን ያዘገየዋል። ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ ሁሉ የሚገቡት ጥራጥሬው ከለሰለሰ በኋላ ነው። ካልሲየም የበዛበት ውሃም ያጠነክረዋል። ቤኪንግ ሶዳ ተቃራኒውን ይሠራል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሞከርኩ። 500 ግራም ሽምብራ በብዙ ውሃ ነከርኩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨመርኩበት። ጨው ጥራጥሬ ያጠነክራል ሲባል ሰምቼ አድጌአለሁ። መንከሪያው ውሃ ውስጥ ሲገባ ግን ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ልጣጩ ላይ ያለውን የካልሲየም ቦታ ይይዝና ልጣጩን ያለሰልሰዋል። ጠዋት ሳየው ፍሬው እጥፍ ሆኗል። ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ምንቃር ቀና ብላለች። ውሃውን ደፋሁ፣ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩት። በአዲስ ውሃ ጣድኩት፣ በሻይ ማንኪያ ጫፍ ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩ። ነጭ አረፋ ወዲያው ገነፈለ። በጭልፋ ገፈፍኩት። ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ አንዷን ፍሬ አውጥቼ በምላሴና በላንቃዬ መሀል ጫን አደረግኳት። ያለ ጥርስ ፈረሰች። በቃ፣ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የምለካው በሰዓት ሳይሆን በዚህ ነው።

500 ግራሙ ሲበስል ከአንድ ኪሎ በላይ ሆነ። ግማሹን ፍሪጅ አስገባሁ። ግማሹን በፌስታል እየከፈልኩ ጠፍጠፍ አድርጌ ፍሪዘር ውስጥ አጋደምኩት። ጠፍጠፍ ያለ ቶሎ ይበርዳል፣ ቶሎም ይቀልጣል፤ ቦታም አይፈጅም።

ሽምብራ ለለመደ ሰው ወደ ቀይ ቦሎቄ ሲሄድ አንድ ጥንቃቄ አለ። ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ከተበላ ክፉኛ ያስታውካል። ቢያንስ አምስት ሰዓት ተነክሮ፣ ውሃው ተደፍቶ፣ በአዲስ ውሃ መንተክተክ አለበት። እኔ ሠላሳ ደቂቃ ሙሉ አንተከትከዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው እሳት የምቀንሰው። በዝግታ በሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት ጥሬውን አስገብቶ መሄድ አደገኛ ነው፤ ሙቀቱ መርዙን ለማጥፋት አይበቃም። ምስር ግን ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። መንከር አይፈልግም። ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃ ይበስላል። የረቡዕ ማታዬ ምስር የሆነው ለዚህ ነው።

ሐሙስ። ሆዴ ተነፋ። ስብሰባ ላይ ቀበቶዬን ማላላት ነበረብኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባለፈው ሳምንት ጥራጥሬ ብዙም ያልበላ ሆድ በዚህ ሳምንት በቀን ሁለት ሳህን ተጫነበት። ጥራጥሬ አሰር (ፋይበር) የበዛበት ነው፤ አንጀት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ወደ ግማሽ ኩባያ ዝቅ አደረግኩት። ውሃ አበዛሁ። በሦስተኛው ሳምንት ማብቂያ ላይ ሙሉ ሳህን ያለ ምንም ችግር መብላት ቻልኩ። ጥራጥሬ አይስማማኝም ብለው የተዉ ሰዎችን አውቃለሁ። ብዙዎቹ በአንድ ቀን አብዝተው የጀመሩ ይመስለኛል። ቀስ ብለው ደግመው ቢሞክሩት እወዳለሁ።

ሦስተኛ ሳምንት፦ መክሰስ

ይህ ሳምንት የአሥር ሰዓት ነው። ምሳው ተሻሽሏል። ረሀቡ ግን ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። ከስድስት ሰዓት ተኩል ምሳ እስከ ማታ አንድ ሰዓት ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። በየትኛውም ምሳ ይህን ሁሉ ሰዓት መዝለቅ ይከብዳል። መክሰስን እንደ ድክመት ማየት አቆምኩ። ቁርስ እንደሚታቀድ መክሰስም ይታቀዳል።

ሰኞ ፖም ብቻዋን በላሁ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተራብኩ። ማክሰኞ ፖም በሁለት የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ያዘኝ። ረቡዕ እርጎ ከዱባ ፍሬ ጋር። እሱም ያዘኝ። ሐሙስ ቴምር ብቻ። ጣፈጠኝ፣ ብርታትም ሰጠኝ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን እንደገና ሆዴ ባዶ ሆነ። እንግዲህ ነገሩ ይህ ነው። ፍራፍሬ ብቻውን አይበቃኝም። አጠገቡ ቅባት ወይም ፕሮቲን ያለበት ነገር ያስፈልገዋል።

ከምን እንደበላሁ ይልቅ ለውጥ ያመጣው ግን ሰዓቱ ነው። ረሀቡ የሚመጣው አሥር ሰዓት ከሆነ፣ መክሰሱ መበላት ያለበት ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ከተራብኩ በኋላ ስበላ አላቆምም። ከመራቤ በፊት ስበላ ትንሽ ይበቃኛል። ስልኬ ላይ ዘጠኝ ተኩል የሚል ደወል ሞላሁ። ስብሰባ ካለ ወደ ዘጠኝ ሩብ እሳበዋለሁ።

የተጠበሰ ሽምብራም ሠራሁ። የመጀመሪያው አልሆነም። ከኦቭን እንደወጣ ትኩሱን ክዳን ባለው ጠርሙስ አደረግኩት። ጠዋት ስከፍተው ልፍስፍስ ብሏል። እንፋሎቱ ውስጥ ታፍኖ አርጥቦታል። ሁለተኛው ላይ የተቀቀለውን ሽምብራ በፎጣ አድርቄ፣ ትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርግቼ፣ ለግማሽ ሰዓት እንዲናፈስ ተውኩት። ከዚያ ትንሽ ዘይትና ጨው፣ በ200 ዲግሪ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ በመሀል አንድ ጊዜ ማገላበጥ። ኦቭኑን አጥፍቼ በሩን ገርበብ አድርጌ እዚያው እንዲበርድ ተውኩት። ሳንቀሳቅሰው ትሪው ላይ እንደ ጠጠር ኮሽ ኮሽ አለ። ቅመም የምነሰንሰው በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ያርራል።

አራተኛ ሳምንት፦ ክፉ ቀን

ማክሰኞ። ጠዋት ተቻኩዬ ምሳ ዕቃዬን ቤት ረሳሁ። ቀኑ ደግሞ ከስብሰባ ስብሰባ ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ ቁጭ ብዬ የሰውን ንግግር መስማት አቃተኝ። ረሀቤን ለማስታገስ ውሃ ብቻ ጠጣሁ።

ማታ ወረቀቴን አውጥቼ አሰብኩ። ያቀድኩት ለጥሩ ቀን ነው። ምሳ ዕቃ ይዤ፣ ማሞቂያው ነጻ ሆኖ፣ ግማሽ ሰዓት አግኝቼ ለምበላበት ቀን። እንደዚያ ያለ ቀን በሳምንት ሦስቴ ቢገኝ ነው። ዕቅዱን የሚያስፈልገኝ ለቀሪዎቹ ሁለት ቀናት ነው።

ስለዚህ የጠረጴዛዬን የታችኛውን መሳቢያ ለምግብ ለቀቅኩት። አንድ ጠርሙስ ለውዝ፣ አንድ ጠርሙስ የተጠበሰ ሽምብራ፣ ደረቅ ብስኩት ጨው ያለው፣ ትንሽ የለውዝ ቅቤ፣ የአጃ ቅንጬና ማንኪያ። አጃው በፈላ ውሃ ብቻ አምስት ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል። መሳቢያው ለክፉ ቀን ነው። በደህና ቀን አልነካውም። ወር በገባ በመጀመሪያው ሰኞ አየዋለሁ፤ ለውዝ ሲቆይ ቅባቱ ይበላሻል፣ ሽታው ያስታውቃል።

በአንድ እጅ የሚበላ ምሳም ያስፈልገኛል። ሳይሞቅ የሚጥም፣ የማይንጠባጠብ፣ ቢሮ የማይሸት። ሽምብራውን በሹካ ደቅድቄ፣ ከእርጎ፣ ከሎሚ፣ ከተከተፈ ሽንኩርትና ካሮት ጋር አደባልቄ በስስ ቂጣ ጠቀለልኩት። በወረቀት ጠበቅ አድርጌ ጠቅልዬ መሀሉን ቆረጥኩት። ኮምፒውተር ፊት ለፊት ይበላል። ቲማቲም አላስገባበትም፤ ውሃው ቂጣውን ያርሰዋል።

ሐሙስ። ምሳ ላይ አብራን የምትቀመጥ ነርስ ጓደኛዬ መጥታ ነበር። ምስሬን እየበላሁ ሻይዬን እጠጣለሁ። አየችኝ።

«ሻይሽን ከምሳው አርቂው» አለችኝ።

«ለምን?»

«የምስሩን አይረን ይዞብሽ ይወጣል። አንድ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪው። ሎሚ ደግሞ ጨምሪበት።»

ነገሩ እውነት ነው። በጥራጥሬና በአትክልት ውስጥ ያለው አይረን (የብረት ማዕድን) ከሥጋው አይረን ይልቅ ወደ ደም ለመግባት ይቸገራል። ሻይና ቡና ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች ይይዙታል። ቫይታሚን ሲ ግን ያግዘዋል። ግማሽ ሎሚ፣ ጥሬ ቃሪያ፣ ብርቱካን ይበቃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሻይዬን ከምሳዬ ጋር ስጠጣ ነበር። አሁን ሻዬ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ያን ያህል ከባድ ለውጥ አልሆነብኝም፤ እንዲያውም የምጠብቀው ነገር ሆኗል።

«ቢ12ስ?» አለችኝ ስትወጣ። እንቁላልና እርጎ እበላለሁ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እንቁላልና ወተትም የተወ ሰው ግን ይህን በቸልታ ማለፍ የለበትም። ቫይታሚን ቢ12 ከጥራጥሬም ከአትክልትም አይገኝም። ወይ ቫይታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ፣ ወይ ከእንክብል መወሰድ አለበት። ጉድለቱ ቀስ ብሎ ነው የሚታወቀው፤ ነርቭንም ይጎዳል።

አምስተኛ ሳምንት፦ ሶስ

ከሁሉም የወደድኩት ሳምንት ይህ ነው።

ክፍሎቹ አሉ። ሽምብራ፣ ሩዝ፣ የተጠበሰ ካሮትና አበባ ጎመን፣ የተቀቀለ እንቁላል። ግን ምሳዬ ደረቅ ነበር፤ እየዋጥኩት እንጂ እየበላሁት አልነበረም። የጎደለው ሶስ ነው። አንድ ጠርሙስ ሶስ ያንኑ ሽምብራ ሌላ ምግብ ያደርገዋል።

ታሂኒ፣ ማለትም ልሞ የተፈጨ ሰሊጥ፣ ገዛሁ። አራት የሾርባ ማንኪያ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አደረግኩ። የሁለት የሾርባ ማንኪያ ሎሚ ጭማቂ ጨመርኩና በሹካ መታሁት። ደነገጥኩ። ማር ይመስል የነበረው ነገር ወዲያው ደንድኖ እንደ ጭቃ ሆነ። ሹካው ላይ ተሰበሰበ። የተበላሸ መስሎኝ ልደፋው ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ በማንኪያ ጠብ እያደረግኩ መምታቴን ቀጠልኩ። አንድ ማንኪያ፣ ምንም። ሁለት ማንኪያ፣ ትንሽ ላላ። ሦስተኛው ላይ ድንገት ፈታ አለ። ቀለሙም ከቡኒ ወደ ነጣ ያለ ክሬም ተለወጠ። ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጬ ጨመርኩ፣ ጨው ነሰነስኩ። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰሊጡ ውስጥ ያለው ነገር ትንሽ ውሃ ሲያገኝ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ውሃው ሲበዛለት ነው የሚላቀቀው። የሚፈልገው ትዕግሥት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሶስ እርጎ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የተከተፈ ድንብላል ቅጠልና ጨው ነው። ሦስተኛው ኦቭን ውስጥ የተጠበሰ ቲማቲምና ቃሪያ፣ ከዘይት ጋር በብሌንደር። በሳምንት ሁለቱን ብቻ ነው የምሠራው። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ነክሬ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ግን አልሞክረውም። አየር በሌለበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል።

ሰላጣ ላይም ትንሽ ጊዜ አጠፋሁ። ሶሱን ጠዋት ያፈሰስኩበት ሰላጣ ቅጠል ምሳ ላይ ጨርቅ ሆኖ ነው የማገኘው። ጨውና አሲድ ውሃውን ያወጡታል። አሁን ሶሱ ከጠርሙሱ ሥር ይገባል። በላዩ ሽምብራና ካሮት። ቅጠሉ ከሁሉ በላይ። ሊበላ ሲል ይገለበጣል። ጥቅል ጎመን ግን ተቃራኒ ነው። ቀጭን ተከትፎ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ ካደረ ይበልጥ ይጥማል። ሐሙስ ምሳዬን ሁልጊዜ በጥቅል ጎመን አደርጋለሁ፤ ሐሙስ ሌላው ሁሉ ትኩስነቱን ሲያጣ እሱ ነው ኮሽ የሚለው።

ስድስተኛ ሳምንት

እሁድ። ጉንፋን ያዘኝ። አላበሰልኩም። ቀኑን ሙሉ ተኝቼ ዋልኩ። ከአንድ ወር በፊት ቢሆን ሳምንቱ ያኔ ነበር የሚፈርሰው።

ሰኞ ጠዋት ፍሪዘሩን ከፈትኩ። ሁለት ጠፍጣፋ የሽምብራ ፌስታል፣ አንድ የምስር ሾርባ፣ አንድ የሩዝ። ሾርባውን አውጥቼ ሙሉ ድስት ሙቅ እስኪሆን፣ እስኪንተከተክ አሞቅኩት። ሽምብራውን ማታ ወደ ፍሪጅ አዛወርኩት፣ ማክሰኞ ጠዋት ቀልጦ አገኘሁት። ፍሪዘር ውስጥ የማይገባውንም በዚህ ሳምንት ነው የለየሁት። ድንች ሲቀልጥ አሸዋ ይሆናል። የተቀቀለ እንቁላል ነጩ እንደ ላስቲክ ይሆናል። የሰላጣ ቅጠል ጭራሽ አይሞከርም።

ረቡዕ። ከጎኔ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ሥጋ ትበላለች። ምሳ ዕቃዬን አየችና «እስቲ አቅምሺኝ» አለች። ካሮቱን በታሂኒው ነካ አድርጋ በላች። እንደገና ነካች። ማታ በስልክ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ውሃውን በማንኪያ በማንኪያ እንድትጨምር፣ ሲደነድን እንዳትደነግጥ ነገርኳት።

አርብ። የስድስተኛውን ሳምንት ወረቀት ከአንደኛው አጠገብ ለጠፍኩት። ብስኩት አንድ ቀን፣ ሐሙስ፤ የልደት በዓል ስለነበረ አብሬ በላሁ። ፕሮቲኑን ለማክሰኞ ደመርኩት። ጠዋት ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ ዳቦው 6፣ ምሳ ላይ 150 ግራም ሽምብራ 13 ያህል ከሩዙ 4 ጋር፣ መክሰሱ ላይ የለውዝ ቅቤ 7፣ ማታ ምስር ሾርባ 9። 51 ግራም። ጥራጥሬውና እህሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ፤ በአንድ ሳህን ላይ መገናኘታቸው ግን ግዴታ አይደለም፣ በቀኑ ውስጥ መግባታቸው ይበቃል። ቀድሞ ይህን በየምሳው ለማዛመድ ስጨነቅ ነበር።

አሁንም ያልተፈታ ነገር አለ። ቁርስ። ጠዋት አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ምግብ እንደ ልብ አይወርድልኝም፣ አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ይርበኛል። በሚቀጥለው ሳምንት አጃ ማታ በእርጎ ነክሬ በጠርሙስ ይዤ እወጣለሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቢሮ ደርሼ ብበላው የሚሻል ይመስለኛል። ግማሽ ኩባያ አጃ፣ ግማሽ ኩባያ እርጎ፣ ትንሽ ወተት፣ አንድ ማንኪያ ተልባ። ተልባው መፈጨት አለበት፤ ሳይፈጭ ከገባ እንዳለ ነው የሚወጣው።

ምስርም ላበቅል ነው። ዛሬ ጠዋት አንድ ኩባያ ድፍን ምስር ነክሬ ወጣሁ። አሁን ማታ ውሃውን ደፍቼ፣ አለቅልቄ፣ የጠርሙሱን አፍ በስስ ጨርቅ አስሬ ዘቅዝቄዋለሁ። ጠዋትና ማታ ይታጠባል። በሁለት በሦስት ቀን ነጭ ጭራ ያወጣል ይላሉ። ጥሬውን አልበላውም፣ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል። መጥበሻ ላይ በነጭ ሽንኩርት በደንብ አብስዬ ነው የምሞክረው። ለሰኞ ምሳ ይደርስ እንደሆነ እሁድ ማታ አየዋለሁ።